ከትነት ኩሬው በታች ያለው ምድር

ውሃ ይተናል፤ ጨው አይተንም። የመስኖ እርሻን፣ የጨዋማ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያንና የማዕድን ማውጫን የሚያገናኛቸው ችግር ይኸው ነው። ንጹሑ ውሃ ለሰብሉ፣ ለሰው ወይም ለአየር ከሄደ በኋላ ጨው ያዘለ ቅሪት ይተርፋል፤ ያ ቅሪት ደግሞ አንድ ቦታ መግባት አለበት። ባሕር የቀረባቸው ወደ ባሕር ይለቁታል። ባሕር የራቃቸው፣ ወንዛቸውንም ለታችኛው ተጠቃሚ መጠበቅ ያለባቸው አገሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት መንገድ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ኩሬ አዘጋጅቶ ጨዋማውን ውሃ እዚያ ማስገባትና የቀረውን ሥራ ለፀሐይና ለነፋስ መተው ነው።

ነገሩ ቀላል ስለሚመስል ቦታውም በቀላሉ ይመረጣል። መሬቱ ጠፍ ነው? ዋጋው ርካሽ ነው? ዝቅ ያለ ነው? እነዚህ ከተመለሱ ብዙ ፕሮጀክት ወደ ግንባታ ይገባል። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ከእነዚህ ቀድሞ መጠየቅ ያለበትን ነው፤ ከሥር ያለው ምድር ምን ዓይነት ነው? በአውስትራሊያ፣ በካሊፎርኒያ፣ በፓኪስታንና በሙት ባሕር ዳርቻ ባለፉት ሃምሳና ስልሳ ዓመታት የተገኘው ልምድ ሲመረመር የኩሬዎቹ ዕጣ በአብዛኛው የተወሰነው በዚህ ጥያቄ አያያዝ ነው። ጥያቄው ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ተጣምሞ ይቀርባል። «ኩሬው ያፈስሳል ወይስ አያፈስስም?» ይባላል። ጨርሶ የማያፈስስ ኩሬ የለም። መጠየቅ ያለበት የፈሰሰው ወዴት እንደሚሄድ፣ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚወስድበትና ሲደርስ እዚያ ማን እንደሚኖር ነው።

ስርገቱ በቁጥር

በቀን 1 ሚሊ ሜትር ስርገት ለዓይን አይታይም። በሞቃት ቆላ በዚያው ቀን ከኩሬው ፊት የሚተነው ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሆነ በመሣሪያም ለይቶ ለመለካት ያስቸግራል። ሆኖም ይህ መጠን በአንድ ሄክታር ላይ በዓመት 3,650 ሜትር ኩብ ይሆናል። ውሃው በሊትር 30 ግራም ጨው ቢይዝ፣ ማለትም ከባሕር ውሃ ጥቂት ቢያንስ፣ ከእያንዳንዱ ሄክታር በዓመት ወደ 110 ቶን የሚጠጋ ጨው ወደ ታች ይወርዳል። ኩሬው 100 ሄክታር ከሆነ ወደ 11,000 ቶን ይደርሳል።

ስርገቱን የሚወስኑት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ዲዦን ከተማ ውሃ ባሳተመው ሥራ ካሳያቸው ወዲህም አልተለወጡም። አንዱ በኩሬው ውሃና በከርሰ ምድሩ ውሃ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ነው። ሌላው መሬቱ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ ነው። የመጀመሪያው ከቦታ ቦታ ቢለያይ በጥቂት እጥፍ ነው። ሁለተኛው ግን ከጥሩ ሸክላ እስከ ንጹሕ ጠጠር ድረስ ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ይለያያል። መሐንዲሶች ለቆሻሻ ማጠራቀሚያ የሚጠይቁት በደንብ የተጠቀጠቀ ሸክላ በቀን ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ያሳልፋል፤ ንጹሕ ጠጠር በዚያው ቀን በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር ያሳልፋል። ስለዚህ የግፊቱን ልዩነት በእጥፍ የሳተ ስሌት ሊታረም ይችላል። ከወለሉ ሥር የተሸሸገ አንድ የጠጠር ሰንበር ያመለጠው ጥናት ግን ዋናውን ነገር ስቷል።

ይህ አደጋ የሚበረታው ደግሞ ኩሬዎች በሚበዙበት ቦታ፣ በወንዝ ሜዳ ላይ ነው። ወንዝ በሺህ ዓመታት ውስጥ መውረጃውን ይለዋውጣል። በጎርፍ ጊዜ ጭቃውን በሜዳው ላይ ያለብሳል፤ በመውረጃው ውስጥ አሸዋና ጠጠር ያስቀምጣል፤ ከዚያ ያንን ትቶ ሌላ ይቀድዳል። የተተወው መውረጃ በጊዜ ብዛት በጭቃ ይሸፈናል። ከላይ ለሚያየው ሰው ሜዳው ወጥ የሆነ ዋልካ ነው፤ ከሁለት ከሦስት ሜትር በታች ግን የድሮው ወንዝ አሁንም የውሃ መንገድ ነው። ልዩነቱን በምሳሌ ማስላት ይቻላል። ከኩሬው ሥር ያለው አሸዋ በቀን 10 ሜትር የማሳለፍ አቅም ቢኖረው፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ በአንድ ኪሎ ሜትር አንድ ሜትር ቢያዘቀዝቅና የአሸዋው ሩብ ክፍት ቀዳዳ ቢሆን፣ ጨዋማው ውሃ በዓመት 15 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ የመጠጥ ጉድጓድ ጋ ለመድረስ ከ130 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በተቀበረው መውረጃ ጠጠር ውስጥ የማሳለፍ አቅሙ አሥር እጥፍ ቢሆን ግን ያው ውሃ በ14 ዓመት ውስጥ ይደርሳል። ሁለቱን ቦታዎች የሚለያቸው በቁፋሮ ካልሆነ በቀር የማይታይ ጥቂት ሜትር ጠጠር ነው።

ፓኪስታን በፑንጃብ ግዛት የቾሊስታን በረሃ ጫፍ ላይ የሠራቻቸው ኩሬዎች የዚህ ጉዳይ ሌላ ገጽታ ናቸው። ከመስኖ ማሳዎች ሥር የሚሳበው ጨዋማ ውሃ በአሸዋ ክምሮች መካከል ባሉ ረባዳዎች ላይ በሺዎች ሄክታር ተንጣሎ እንዲተን ተደረገ። ረባዳው ጠፍ ነበር፤ ዋጋ አልነበረውም፤ ዝቅ ያለም ነበር። ወለሉ ግን አሸዋ ነው። የሰረገው ውሃ በዙሪያው ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ አደረገና ኩሬው ሊያድናቸው የታሰቡት የእርሻ መሬቶች ጎረቤቶች ረግረግና ጨዋማ ሆኑ። ችግሩ ከሜዳ ወደ ሜዳ ተዛወረ እንጂ አልተወገደም።

ከመሬይ ተፋሰስ የተገኘው

በዚህ ጉዳይ የአውስትራሊያን ያህል ረጅምና በግልጽ የተጻፈ ልምድ ያለው አገር አላውቅም። በደቡብ ምሥራቅ ያለው የመሬይ የደለል ተፋሰስ 300,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ከርሰ ምድሩ ዙሪያውን የተዘጋ ስለሆነ ጨው ከተፋሰሱ የሚወጣው በወንዙ በኩል ብቻ ነው። ሰፋሪዎች ሥሩ ጥልቅ የሆነውን የባሕር ዛፍ ደን መንጥረው ስንዴ ሲዘሩና መስኖ ሲያስፋፉ፣ ድሮ ዛፉ ይጠጣው የነበረው ውሃ ወደ ታች ወርዶ የከርሰ ምድሩን ውሃ አነሳው፤ ለብዙ ዘመናት ተኝቶ የነበረው ጨውም አብሮ ተነሣ። (በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ እኛ የመጣው ባሕር ዛፍ የዚያ ደን ዘመድ ነው፤ ውሃ የመጠጣት ጠባዩን እዚህም እናውቀዋለን።) መፍትሔ ሆኖ የተያዘው ጨዋማውን ውሃ ወንዙ ጋ ሳይደርስ በፓምፕ መሳብና ወደ ኩሬ መውሰድ ነው። ዛሬ በተፋሰሱ ውስጥ ተፈጥሯዊም ሰው ሠራሽም የሆኑ ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ማስወገጃዎች አሉ። ቪክቶሪያ ውስጥ ያለው የተቸዎፕ ሐይቅ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የባር ክሪክን ጨዋማ ውሃ ይቀበላል። በኒው ሳውዝ ዌልስ የዋኩል ኩሬዎች ወደ 2,000 ሄክታር ይሰፋሉ።

የመጀመሪያዎቹ ኩሬዎች ምቹ በመሰለው ቦታ፣ በወንዙ ዳርቻ የጎርፍ ሜዳ ላይ ተሠሩ። በደቡብ አውስትራሊያ በቤሪና በሬንማርክ የነበሩት እንዲህ ነበሩ። ሜዳው ዝቅ ያለ ነው፤ ቦዩ አጭር ነው። ሆኖም ከሥሩ ያለው የወንዝ አሸዋ በቀጥታ ከወንዙ ጋር ይገናኛል። ኩሬው ሲሞላ ከሥሩ የውሃ ጉብታ ይፈጠራል፤ ጉብታውም የነበረውን ጨዋማ የከርሰ ምድር ውሃ እየገፋ ወደ ወንዙ ያስገባዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ወንዙን የሚያበላሸው የኩሬው ውሃ ራሱ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። ግፊቱ ከውሃው ቀድሞ ይደርሳል፤ ለዘመናት ከወንዙ ዳር ቆሞ የኖረው ጨዋማ ውሃ በግፊቱ ተነቅሎ ይገባል። ስለዚህ በ1980ዎቹ ከወንዙ ርቆ በሎክስተን ምሥራቅ የሚገኘው የኑራ ረባዳ ተዘጋጀና ውሃው ወደዚያ ተዛወረ። ቆይቶም በ1990 ገደማ ከዋይከሪ ከተማ ደቡብ ምዕራብ ያለው የስቶክያርድ ሜዳ ሥራ ጀመረ። ከወንዙ መራቅ ብዙ ኪሎ ሜትር ቱቦና የማያቋርጥ የፓምፕ ወጪ ማለት ነው፤ ያም ሆኖ ወጪውን መረጡት።

ከእነዚህ ዓመታት የተከማቸው ዕውቀት በ2000 በአውስትራሊያ የሳይንስ ድርጅት ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. ባለሙያዎች መመሪያ ሆኖ ወጣ። መመሪያው ካነሣቸው ሐሳቦች አንባቢን የሚያስገርመው ስርገትን ሙሉ በሙሉ መከልከል አያስፈልግም፣ እንዲያውም በቀን ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሚሆን ስርገት ሊጠቅም ይችላል የሚለው ነው። ምክንያቱ ከጨው ጠባይ ይመነጫል። ውሃ ጨው እየጨመረ ሲሄድ የመትነን ፍጥነቱ ይቀንሳል። በገበታ ጨው ጠግቦ የቆመ ውሃ አየሩ ከ75 በመቶ በላይ እርጥበት በያዘ ጊዜ ጨርሶ አይተንም፤ ይልቁንም ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ምንም የማያሰርግ ኩሬ በዓመታት ውስጥ ወደዚህ ደረጃ ስለሚደርስ ማስወገጃነቱ ያበቃና የጨው ማከማቻ ብቻ ይሆናል። ጥቂት የሚያሰርግ ኩሬ ግን ከጨዉ የተወሰነውን ከሥሩ ወዳለው ንብርብር እያስገባ መትነኑን ይቀጥላል።

ይህን ሐሳብ አከብረዋለሁ፤ አደገኛም ሆኖ ይታየኛል። በመሬይ ሜዳ የሚሠራው ከሥሩ ያለው ውሃ አስቀድሞ ብዙ ጨው ያለበትና ማንም የማይጠጣው ስለሆነ ነው። በኩሬዎቹ ዙሪያም የሰረገውን ውሃ ሰብስቦ ወደ ኩሬው የሚመልስ ቦይ ይቆፈራል። የአውስትራሊያን ቁጥር ብቻ ወስዶ የአውስትራሊያን ከርሰ ምድር ወደሌለበት አገር ማምጣት ጥናት አይባልም። በቀን 1 ሚሊ ሜትር ስርገት ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው ከሥሩ ባለው ውሃ ጥራትና በሚሄድበት አቅጣጫ ነው።

ከዚያው ጥናት የተገኘ ሌላ ጠቃሚ ነገር የኩሬው መጠን ጉዳይ ነው። ትናንሽ ኩሬዎች ከስፋታቸው አንጻር ዙሪያቸው ረጅም ስለሆነ በጎን ብዙ ያሰርጋሉ። ትልቅ ኩሬ ከሥሩ ሰፊ የውሃ ጉብታ ስለሚሠራ ጉብታው ራሱ መልሶ ስርገቱን ያዳክመዋል። በአንድ ሄክታር የሙከራ ኩሬ የተገኘን ቁጥር በመቶ ሄክታር ማባዛት ከዚህ የተነሣ ያሳስታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስተው ወደ ላይ ነው።

ከባዱ ውሃ

የዳርሲ ሕግ ስለ ተራ ውሃ ነው የተጻፈው። የትነት ኩሬ ውሃ ግን እየቆየ ይከብዳል፤ የባሕር ውሃ በሊትር 1.025 ኪሎ ሲመዝን ጨው ጠግቦ ሊረጋ የደረሰ ውሃ 1.2 ኪሎ ይጠጋል። ከባዱ ከቀላሉ በላይ ሲቀመጥ ሁኔታው የረጋ አይደለም። በጣት በጣት እየተከፈለ ወደ ታች ይሰምጣል፤ በመካከሉ ደግሞ ቀላሉ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ሮቢን ዉዲንግና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ በጨው ሐይቅ ሥር ያለውን ይህን እንቅስቃሴ በስሌትም በላቦራቶሪም አሳይተዋል። ለቦታ መራጩ የሚሰጠው ትምህርት ይህ ነው፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ የሚገፋበት ቦታ ላይ እንኳ ከባዱ ጨዋማ ውሃ ወደ ታች ሊጓዝ ይችላል። ከሥር የሚቆመውም ውሃ የማያሳልፍ ንብርብር ሲያገኝ ነው። ያ ንብርብር በየትኛው ጥልቀት እንዳለና ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ ማወቅ ግድ ይላል፤ ከባዱ ውሃ የሚሄደው የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደሚፈስበት ሳይሆን የንብርብሩ ጀርባ ወደሚያዘቀዝቅበት ሊሆን ይችላልና።

ሸክላና ጨው

«ቦታው ሸክላ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በጥናት ሰነዶች ውስጥ የክርክር መዝጊያ ሆኖ ይገባል። ሸክላ ግን በሚነካው ውሃ ይለወጣል። አንዳንዱ ሸክላ፣ በተለይ የእኛ ዋልካና መረሬ የተሠራበት የሚያብጥና የሚኮማተር ዓይነት፣ ንጹሕ ውሃ ሲያገኝ ያብጥና ቀዳዳውን ይዘጋል። ብርቱ ጨዋማ ውሃ ሲያገኝ ግን ቅንጣቶቹ ይኮማተራሉ፣ በአንድነት ይቋጠራሉ፣ በመካከላቸውም መተላለፊያ ይከፈታል። በላቦራቶሪ በቧንቧ ውሃ ተፈትኖ «አያሳልፍም» የተባለ ናሙና በኩሬው ውሃ ሲፈተን ብዙ እጥፍ ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ ፈተናው ኩሬው በሚይዘው ውሃ መደረግ አለበት፤ ለጥቂት ሰዓት ሳይሆን ናሙናው ጨዉን እስኪላመድ።

ተቃራኒውም አለ። ውሃው ሶዲየም የበዛበትና ጨዉ መጠነኛ ከሆነ፣ በተለይ የቢካርቦኔት ውሃ ከሆነ፣ ሸክላው ይበታተንና ወለሉ ራሱን ይደፍናል። ለወለሉ በረከት ነው። በኩሬው ዙሪያ ለቆመው ግድብ ግን መርገም ነው፤ ከዚያው አፈር የተሠራ ጠርዝ የዝናብ ውሃ ሲያገኘው ይሟሟል፣ ከውስጥ ቀጭን መሹለኪያ ይፈጠርበታል፣ መሹለኪያው እየሰፋ አንድ ቀን ግድቡን ይሰነጥቀዋል። የወለሉን አፈርና የግድቡን አፈር በአንድ ፈተና መገምገም የማይቻለው ለዚህ ነው።

በላቦራቶሪና በሜዳ መካከል ያለው ርቀትም ቀላል አይደለም። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ዳንኤል በ1984 ባሳተመው ጥናት በሜዳ የተለካው የሸክላ ወለል ስርገት በላቦራቶሪ ከተገመተው ከ10 እስከ 1,000 እጥፍ ሆኖ መገኘቱን አሳየ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በእጅ የሚያዝ ናሙና ውስጥ የሥር ቀዳዳ፣ የምስጥ መንገድና የበጋ ስንጥቅ አይገባም። በበጋ የዋልካ መሬት ስንጥቅ ውስጥ ከብት እግሩን ሲሰብር ያየ ገበሬ ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም።

የሚሟሟ ወለል

ወለሉ ራሱ በውሃ የሚሟሟ አለት ሲሆን ነገሩ የባሰ ነው። የኖራ ድንጋይ በዘመናት ውስጥ ዋሻ ያወጣል። ጂፕስም በንጹሕ ውሃ ከሚሟሟው በእጥፍና ከዚያ በላይ በገበታ ጨው ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ስለዚህ በጂፕስም ላይ የተቀመጠ የጨው ኩሬ የራሱን ወለል ይበላል። ሙት ባሕር በየዓመቱ አንድ ሜትር ገደማ እየወረደ ሲሄድ በዳርቻው ንጹሕ የከርሰ ምድር ውሃ ተቀብሮ የነበረውን የጨው ንብርብር አገኘው፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የመሬት መስመጫ ጉድጓዶች ተከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2000 በዮርዳኖስ በኩል በሊሳን ልሳነ ምድር አጠገብ ለፖታሽ ትነት አዲስ የተገነባው ግድብ 19 ተደርምሶ የያዘው ጨዋማ ውሃ ፈሰሰ። በፍሎሪዳ በ2016 ከአንድ የማዳበሪያ ፋብሪካ የተረፈ ምርት ክምር ሥር የኖራ ድንጋዩ ዋሻ ሰጠመና ወደ 800,000 ሜትር ኩብ የሚሆን የተበከለ ውሃ ወደ ከርሰ ምድር ገባ። የፍሎሪዳው ክምር የጨው ማስወገጃ አልነበረም። ወለል ላይ የሚነጠፍ የፕላስቲክ ሽፋን የሚያምነው ከሥሩ ያለውን መሬት መሆኑን ለማሳየት ግን ከዚያ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ተራራው በውሃው ውስጥ

እስከ አሁን የተነሣው ሁሉ ከኩሬው በታች ስላለው ምድር ነው። የካሊፎርኒያው ኬስተርሰን ያስተማረው ደግሞ ውሃው የመጣበትም ምድር መመርመር እንዳለበት ነው።

በሳን ዋኪን ሸለቆ ምዕራባዊ ክፍል የመስኖ ማሳዎች ጨዋማ ውሃ ሲያቁሩ ውሃውን ወደ ውቅያኖስ የሚወስድ ረጅም ቦይ ታቀደ። ቦዩ 137 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሠራ በኋላ ግንባታው በ1975 ቆመ፤ መጨረሻው ውቅያኖስ መሆኑ ቀርቶ ኬስተርሰን በተባለው የዱር አእዋፍ መጠለያ ውስጥ ያሉ 12 ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች ሆነ። ስፋታቸው 500 ሄክታር ገደማ ነበር። ከ1981 ጀምሮ ወደ ኩሬዎቹ የሚገባው ሁሉ የማሳ ፍሳሽ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ዓሦቹ በአብዛኛው ጠፉ። በ1983 ከእንቁላል የሚፈለፈሉ ጫጩቶች ዓይን የሌላቸው፣ ምንቃራቸው የተጣመመ፣ እግራቸው ያልተሟላ ሆነው ተገኙ።

ጥፋተኛው ሴሌኒየም ነበር። ከሸለቆው ምዕራብ የቆመው የባሕር ዳርቻ ተራራ በጥንት ባሕር ወለል ላይ የተጣለ ጥቁር ጭቃ የደነደነበት ድንጋይ አለው፤ ድንጋዩ ሴሌኒየም ይይዛል። ድንጋዩ ፈርሶ አፈር ሆነ፤ መስኖው አፈሩን አጠበ፤ ማጠንፈፊያው ሰበሰበው፤ ኩሬው አጠነከረው፤ በአልጌውና በነፍሳቱ አልፎ ወፎቹ ዘንድ ደረሰ። በሚገባው ውሃ ውስጥ ያለው መጠን በሊትር 300 ማይክሮግራም ገደማ ብቻ ነበር። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዶናልድ ሆደል በ1985 ቦታው እንዲዘጋ አዘዙ፤ ቦዩ በ1986 ተዘጋ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ውሃ የሚያቁሩት ረባዳዎች በአፈር ተሞሉ።

ይህን ታሪክ ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ግኝት አለ። የኩሬዎቹ ወለል ሽፋን ባይኖረውም ወደ ታች የሰረገው ውሃ አብዛኛውን ሴሌኒየም ኦክስጅን በሌለበት የወለል ጭቃ ውስጥ ጥሎ ነው ያለፈው። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከተፈራው በላይ ተጠብቆ ቆየ። ወለሉን ብቻ የመረመረ ባለሙያ ቢኖር ኖሮ ቦታውን ያልፈው ነበር፤ ወፎቹ ግን አለቁ። የቦታ ጥናት ከኩሬው አጥር ውጭ ወጥቶ እስከ ተራራው ራስ መሄድ ያለበት ለዚህ ነው።

ስለ መመርመሪያዎቹ

መሣሪያዎቹ የታወቁ ስለሆኑ ብዙ አልዘገይባቸውም። የአየርና የሳተላይት ፎቶ የተቀበሩ መውረጃዎችንና ስብራቶችን ያሳያል። በመሬት ላይ የሚጎተት የኤሌክትሮማግኔት መሣሪያ ሸክላውን ከአሸዋው፣ ጨዋማውን ከንጹሑ ይለያል፤ ግን ጨዋማ አሸዋና ንጹሕ ሸክላ አንድ ዓይነት ሆነው ሊታዩት ስለሚችሉ ብቻውን አይበቃም። ቁፋሮ ያስፈልጋል፤ ወለሉን ብቻ ሳይሆን ከታች ያለውን ንብርብር እስኪያገኝ ድረስ። በባለ ሁለት ቀለበት መለኪያ የሜዳ ስርገት ይለካል። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍታ በክረምትም በበጋም ይመዘገባል፤ የአንድ ወቅት ልኬት አቅጣጫውን ሊገለብጠው ይችላል።

የምመርጠው ግን ብዙ ጊዜ ለወጪ ሲባል የሚዘለለውን ነው፤ የሙከራ ኩሬ። ጥቂት ሄክታር ላይ ያንኑ ውሃ አስገብቶ ዓመቱን ሙሉ የገባውን፣ የተነነውንና የክሎራይዱን መጠን መመዝገብ። ክሎራይድ አይተንም፣ ከአፈሩም ጋር ብዙ አይጣበቅም፤ ከሒሳቡ የጎደለው ክሎራይድ ሰርጓል ማለት ነው። ይህ ከየትኛውም የኮምፒውተር ሞዴል ይልቅ ያንን መሬት ራሱን ያናግራል። የጎን ስርገት በሙከራው ላይ የሚያበዛውን ቀደም ብዬ ስላነሣሁ እርማቱ መረሳት የለበትም።

ወደ አዋሽ ሲመጣ

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ፣ በመልካ ሰዲና በመልካ ወረር ያለው የመስኖ መሬት ከፊሉ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ብሎ ጨው ስላወጣበት ከእርሻ ወጥቷል። ዝናቡ በዓመት ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ትነቱ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ጨውን ከማሳው ለማጠብ ማጠንፈፊያ ያስፈልጋል፤ ማጠንፈፊያ ሲቀበር ደግሞ የተጠነፈፈው ውሃ የት ይሂድ የሚለው ይከተላል። አዋሽ ውስጥ መልቀቅ ከታች ላሉት አርብቶ አደሮችና እርሻዎች መላክ ነው። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ የትነት ኩሬ ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም።

የቦታው ሥነ ምድር ግን ከመሬይ ሜዳ በእጅጉ ይለያል። ከደለሉ ሥር የተሰነጣጠቀ ባዛልት፣ የእሳተ ገሞራ አመድና የጥንት ሐይቅ ጭቃ ተደራርበዋል፤ ሁሉንም ወደ ሰሜን ሰሜን ምሥራቅ የሚሄዱት የወንጂ ስብራቶች ይቆራርጧቸዋል። ደለሉ ምን ያህል ውፍረት እንዳለውና ስብራቱ እስከ ደለሉ መውጣት አለመውጣቱ ለቦታ ምርጫ ወሳኝ ነው። በዚሁ ስምጥ ሸለቆ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ይህን በዓይናችን አሳይቶናል። በ1950ዎቹ መጨረሻ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ፤ የአዲስ አበባ ጅቡቲን መንገድና ሐዲድ አሰጋ። የመስኖው ትርፍ ውሃና የከርሰ ምድሩ ውሃ ምን ያህል ምን ያህል እንደጨመሩበት ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ። ለእኛ ጉዳይ ግን ክርክሩ ራሱ ማስረጃ ነው፤ በዚህ መሬት ውስጥ ውሃ በስንጥቅ የሚሄድበት መንገድ ሐይቁ ከሰፋም በኋላ በቀላሉ አይታወቅም።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ቅልጥ አለት ከምድር በታች ሲንቀሳቀስ መሬቱ ለወራት ተናወጠ፤ ከነውጦቹ አንዱ 6.0 ደረሰ፤ መሬት ተሰነጠቀ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። ትላንት ያልነበረ ስንጥቅ ዛሬ ሊኖር በሚችልበት ቦታ የአንድ ጊዜ የቦታ ጥናት አይበቃም። ኩሬው እስካለ ድረስ መታዘቢያ ጉድጓዶች እየተለኩ፣ ከእያንዳንዱ ብርቱ ነውጥ በኋላም ወለሉ እየተፈተሸ መቆየት አለበት።

የኬስተርሰን ትምህርትም እዚህ የራሱ መልክ አለው። የስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አለት ፍሎራይድ ይሰጣል፤ በብዙ ጉድጓዶች ያለው መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በላይ ነው፤ የልጆች ጥርስ መበለዙና የአጥንት ሕመሙ የሚታይ ነው። ውሃው ሶዲየምና ቢካርቦኔት የበዛበት ስለሆነ በትነት ሲጠነክር ካልሲየሙ ኖራ ሆኖ ይረጋል። ፍሎራይድን ከውሃው የሚያወጣው ደግሞ ካልሲየም ነበር። ካልሲየሙ ሲያልቅ ፍሎራይዱ ያለ ከልካይ ይጨምራል። በአዋሽ የሚሠራ የትነት ኩሬ ስለ ገበታ ጨው ብቻ ከተጠና የኬስተርሰንን መንገድ ይዟል ማለት ነው።

ተስፋ የሚሰጥም ቦታ አለ። በአፍዴራ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ካለው ሐይቅ ውሃ እየተሳበ በትነት ጨው ይመረታል፤ የሰረገው ተመልሶ ወደዚያው ጨዋማ ረባዳ ይገባል። በሥነ ምድር ረገድ ለጨው ማረፊያ ከተዘጋ ረባዳ የሚሻል የለም። ከመካከለኛው አዋሽ እስከዚያ ያለው ርቀት ግን ረጅም ነው፤ መሬቱም ባለቤት አለው። አፋሮች ለከብት የማይሆነውን ውሃና ውሃ የሚጠፋበትን ስንጥቅ ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ፤ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው።

የማደርሰው ፍርድ እንዲህ ነው። አሁን ባለን ዕውቀት ባዛልቱ ወደ ላይ በቀረበበትና ስብራቱ ደለሉን በቆረጠበት የመካከለኛው አዋሽ ክፍል ሽፋን የሌለው የትነት ኩሬ መሥራት አይገባም። ደለሉ ወፍራም በሆነበትና ከሥሩ ያለው ውሃ አስቀድሞ ለምንም በማይውልበት ቦታ፣ የሙከራ ኩሬ ዓመቱን ጨርሶ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ፣ ሊታሰብ ይችላል። ጥናቱን የምታዙ፣ የምትገመግሙና የምትፈርሙ ሰዎች ሆይ፣ የቁፋሮ መዝገቡን ለሕዝብ ክፍት አድርጉት፤ የሰረገው ውሃ የሚሄድበትን አቅጣጫ በካርታ ላይ ያላሰመረ፣ የሚደርስበትን ዓመት ያልጻፈና መጨረሻው ላይ ያለውን መንደር በስሙ ያልጠራ ሰነድ አታጽድቁ።